«ምንም አትመስዪም እኮ!»፦ የአንጎል ጉዳት ደርሶባችሁ ለባለሙያዎች ንገሩን ስትባሉ

የመጀመሪያ ንግግሬን ሦስት ሳምንት ሙሉ ተለማመድኩት። መስታወት ፊት፣ ግድግዳ ፊት፣ እህቴ ፊት። 40 ደቂቃ ነበር። ቀኑ ሲደርስ አንድ ቃል ሳልስት ተወጣሁት። አዳራሹ አጨበጨበ። ከመድረክ ስወርድ አንድ ሐኪም ፈገግ ብሎ መጣና ጨበጠኝ። «በጣም ጎበዝ ነሽ! ምንም አትመስዪም እኮ!» አለኝ።

አመሰገንኩት። ቤት ገባሁና ሁለት ቀን ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እህቴ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አገኘችኝ። ካልሲዬን በአንድ እጄ፣ ጫማዬን በሌላው ይዣለሁ። የቱ እንደሚቀድም እያሰብኩ ነበር። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም።

ሐኪሙ ያችን ካልሲ አላየም። በእሱ አልፈርድም፤ ያላሳየሁት እኔ ነኝ።

ስለ መድረክ ፍርሃት የሚመክር ሞልቷል። የእኛ ችግር ግን ሌላ ነው። እኛን የሚጎዳን አሳምሮ መናገር ነው። በደንብ የተለማመድነው ንግግር ጉዳታችንን ይሸፍነዋል፤ ሰዎቹም ሊያዩት የመጡትን ነገር ሳያዩ ይመለሳሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተናግሬያለሁ፦ ለነርሶች፣ ለፊዚዮቴራፒስቶች፣ ለሶሻል ወርከሮች፣ ለሕክምና ተማሪዎች። የተማርኩትን ልንገራችሁ። ስትሮክ መትቷችሁም ሆነ እንደ እኔ ወድቃችሁ፣ አብዛኛው ይሠራል።

ስለ እኔ ባጭሩ። ከሰባት ዓመት በፊት ከቁም ሳጥን አናት ላይ ሻንጣ ላወርድ መሰላል ላይ ወጣሁ። መሰላሉ ተንሸራተተ። የዚያን ዕለት ማታ አንድም ነገር አላስታውስም። ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ነው ተብሎ ወደ ቤት ተላክሁ። ወረቀቴ ላይ «ቀላል የጭንቅላት ጉዳት» ይላል። ከወራት በኋላ የተነሣሁት ኤምአርአይ ሲቲው ያላየውን አየ፤ ከግንባሬ ጀርባ ባለው የአንጎሌ ክፍል ጥቃቅን የደም ምልክቶች ነበሩ። የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። አሁን አይደለሁም።

እሺ ከማለታችሁ በፊት

ስልክ ተደውሎ «እባክሽ መጥተሽ ንገሪልን» ሲባል ደስ ይላል። ለዓመታት የሚሰማኝ አጣሁ ስትሉ ኖራችሁ ድንገት ማይክ ሲሰጣችሁ እንዴት ደስ አይል! እዚያው ስልኩ ላይ ግን እሺ አትበሉ። «በጽሑፍ ላኩልኝ» በሉ። አንደኛ ነገሩን ትረሱታላችሁ። ሁለተኛ ለማሰብ ጊዜ ታገኛላችሁ።

የሚሰሙት እነማን ናቸው? ስንት ናቸው? 12 ፊዚዮቴራፒስቶችና 200 ተማሪዎች አንድ ዓይነት ንግግር አይፈልጉም። ስንት ሰዓት ላይ ነው? እኔ ከሰዓት በኋላ አልናገርም፤ ከሰዓት በኋላ የእኔ አንጎል ሱቁን ዘግቷል። ከእኔ በፊት ስንት ሰው ይናገራል? ሦስት ሰው አዳምጬ አራተኛ ብሆን ተራዬ ሳይደርስ ባትሪዬ ያልቃል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ እንዲያደርጉኝ እጠይቃለሁ። ከአዳራሹ ውጭ በሩ የሚዘጋ ጸጥ ያለ ክፍልም እጠይቃለሁ። አንድ ጊዜ የመሣሪያ ዕቃ ቤት ሰጡኝ። ጨለማ ነበር፣ ወንበር ነበረው። እስካሁን ካገኘሁት ሁሉ የሚሻለው እሱ ነው።

የገንዘቡንም ነገር ጠይቁ። አጠገባችሁ ለሚናገረው ስፔሻሊስት ከከፈሉ፣ እናንተም ለመስማት የመጡበትን እውቀት ይዛችሁ ነው የመጣችሁት። ቢያንስ የእናንተንና አብሯችሁ የሚመጣውን ሰው መጓጓዣ ይሸፍኑ።

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፦ «ተናግሬ ስጨርስ ሰዎቹ ምን እንዲያደርጉ ትፈልጋላችሁ?» አንዱ አዘጋጅ «እንዲነቃቁ ነው» አለኝ። ማነቃቂያ ንግግር የሚሰጡ ሰዎች አሉ፤ እነሱን ይጥራ። እኔ አልሄድኩም።

አንድ ነገር ብቻ

ከማንኛውም ዝግጅት በፊት ይህችን ዓረፍተ ነገር ሙሏት፦ «ከነገ ጀምሮ እንዲህ እንድታደርጉ እፈልጋለሁ።» አንድ ነገር። ሁለት ከሆነ ሁለቱም ይረሳል፤ ጤነኛ አንጎል ያላቸውም ይረሳሉ።

ለድንገተኛ ክፍል ነርሶች ስናገር ዓረፍተ ነገሬ ይህ ነው፦ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ወደ ቤት ስትልኩ፣ ምክሩን ለእሱ ብቻ አትንገሩ፤ በወረቀት ስጡ፣ አብሮት ለሚኖረውም ሰው ንገሩ። እኔ ያን ማታ ሁሉንም ሰምቼ «እሺ፣ ገብቶኛል» ብያለሁ አሉ። አንገቴንም ነቅንቄያለሁ። አንዷንም አላስታውስም። እህቴም የዚያኑ ማታ ማስታገሻ ሰጥታኝ አስተኛችኝ፤ ምን ምልክት ብታይ መልሳ ማምጣት እንዳለባት የነገራት ሰው የለም።

የጉዳቱን መጠን ለሚገመግሙ ባለሙያዎች ስናገር ሌላ ነው፦ እኔን ከጠየቃችሁ በኋላ አብሮኝ የሚኖረውን ሰው ለብቻው ጠይቁ። ይህን የምለው እንዳዋሻቸው ስለምሰጋ አይደለም። የምርመራ ክፍሉ ራሱ ስለሚያታልላቸው ነው። ጸጥ ያለ ክፍል፣ አንድ ሰው፣ አንድ ጥያቄ። ምን እንደሚቀድም የሚወስነው ጠያቂው ነው፤ ሲበቃም የሚያቆመው እሱ ነው። ማቀድ፣ መጀመር፣ ማቆም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር፦ የእኔ የፊተኛው አንጎል የማይችለውን ሥራ ሁሉ ጠያቂው ይሠራልኛል። ስለዚህ ፈተናውን እደፍነዋለሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ምድጃ ለኩሼ እረሳለሁ።

መድረክም እንደዚያው ነው። ፕሮግራም አለው፣ ሰዓት አለው፣ የሚያስተዋውቅ ሰው አለው። እዚያ ላይ ጎበዝ መምሰል ቀላል ነው።

ሰባት ዓመት ሳይሆን አንድ ጠዋት

ሰው ሁሉ ከአደጋው ነው የሚጀምረው። አደጋው፣ አምቡላንሱ፣ ሆስፒታሉ፣ ለቅሶው፣ ቀስ በቀስ መሻሉ። ባለሙያዎች ይህን ሺህ ጊዜ ሰምተውታል፤ አደጋውንማ ከእናንተ በተሻለ ያውቁታል። የማያውቁት እናንተ ከበራቸው ከወጣችሁ በኋላ ያለውን ነው። ስለዚህ አንድ ጠዋት፣ ወይም አንድ ሰዓት ምረጡ። እሱን ከቅርብ አሳዩአቸው።

የእኔ ይህ ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ቀጠሮ ነበረኝ። 12 ሰዓት ተነሣሁ። ስልኬ ላይ ሦስት ማስታወሻ ሞልቻለሁ። የመጀመሪያው ሲጮህ ልብስ አወጣሁ። ልብሱን ሳወጣ ኪሱ ውስጥ ደረሰኝ አገኘሁ። ደረሰኙን ላስቀምጥ ሄድኩ፤ መሳቢያው ተዝረክርኮ ነበር፣ ማስተካከል ጀመርኩ። ሁለተኛው ሲጮህ መሳቢያው ፊት መሬት ላይ ነኝ። ያለ ልብስ። «ምን ነበር የማደርገው?» አልኩ። ተነሣሁ፣ ለበስኩ። ቁልፍ ፈለግኩ። ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። ሦስተኛው ሲጮህ በር ላይ ነኝ፤ ድምፁ አስደነገጠኝና ስልኩን ልጥለው ምንም አልቀረኝም። 25 ደቂቃ ዘግይቼ ደረስኩ። አንዱ ጫማዬ ጥቁር፣ ሌላው ቡናማ ነው። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ጫማዬን አየች፤ ከዚያ ሰዓቱን አየች።

ከዓመት በኋላ የፋይሌን ቅጂ ሳገኝ የዚያ ቀን ገጽ ላይ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፦ «ቀጠሮ የማክበር ችግር አለባት።»

እዚህ ስደርስ ዝም እላለሁ። ካርዴ ላይም «ዝም በይ፣ አምስት ቁጠሪ» ተብሎ ተጽፏል። አዳራሹ ውስጥ እንደዚያ የሚል መስመር ጽፎ የማያውቅ ሰው የለም። ያ ዝምታ ከ40 ደቂቃ ንግግር የበለጠ ሠርቶልኛል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የጽሑፉ ባለቤት ማን እንደሆነ አልናገርም። የሆስፒታሉንም ስም አልጠራም። ፈርቼ አይደለም። ስም ከተጠራ አዳራሹ ወዲያው ጠበቃ ይሆናል፤ «እሱ እንኳ ጥሩ ሰው ነው» ይጀመራል። ስም ከሌለ እያንዳንዱ ራሱን ያያል።

የእነሱን ቃል እወቁ

ሙሉ መዝገበ ቃላት አያስፈልጋችሁም። የራሳችሁ ወረቀት ላይ ያለውን ቃል ብቻ አጥኑ። የእኔ ቃል «ቀላል» የምትለዋ ናት።

ቃሏ የምትመጣው በአብዛኛው ከግላስጎ ኮማ ስኬል ነው። ግርሃም ቲስዴልና ብራያን ጄኔት የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት የንቃት መለኪያ ነው። ዓይን መግለጥን፣ መናገርንና መንቀሳቀስን ይለካል። ትንሹ 3፣ ትልቁ 15 ነው። ከ13 እስከ 15 ያገኘ «ቀላል» ይባላል፤ ከ9 እስከ 12 «መካከለኛ»፤ 8 እና ከዚያ በታች «ከባድ»። እኔ 14 ነበርኩ። አንዷን ነጥብ ያጣሁት ቀኑን ስጠየቅ አሳስቼ መልሼ ነው።

መለኪያው ጥሩ መለኪያ ነው፤ ሕይወት ያድናል። «ቀላል» ከተባሉት ብዙዎቹም በሳምንታት ውስጥ ይድናሉ፤ ይህንንም ሳልደብቅ እናገራለሁ። ግን 14 ቁጥር የለካው የዚያን ሰዓት ንቃቴን ነው። ሥራዬን አልለካም። ዛሬ የምኖረውን ኑሮ አልለካም። ይህን በራሳቸው ቁጥር ስነግራቸው ብዕር የሚያወጡ አሉ። «በጣም ተሠቃየሁ» ስል ግን ማንም ብዕር አያወጣም።

ካርዶቹ

በቃሌ አልናገርም። ካርድ አለኝ፤ ከመዳፍ ትንሽ የሚበልጥ ወፍራም ወረቀት። አንድ ሐሳብ፣ አንድ ካርድ። ፊደሉ ትልቅ ነው። ጥግ ላይ ቁጥር አለው፤ አንድ ጊዜ ወድቀው ተበታተኑና ሰው ፊት ተንበርክኬ እንደ ካርታ ጨዋታ ደረደርኳቸው።

ዓረፍተ ነገሩ አጭር ይሁን። የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ረጅም ዓረፍተ ነገር ከጀመራችሁ ግሱ እስኪመጣ መነሻውን ትረሱታላችሁ። እኔ መሃል ላይ ቆሜ «…ያንን ሰውዬ፣ ወደ ሆስፒታሉ ስሄድ፣ በሩ ላይ…» ብዬ ቀርቻለሁ። ምን አደረግሁት ሰውዬውን? እስካሁን አላውቅም። አራት አምስት ቃል፣ ከዚያ አራት ነጥብ።

15 ደቂቃ ይበቃል። 20 ከሆነ የመጨረሻውን 5 እህቴ ትናገር። እሷ ሁልጊዜ ፊት ለፊቴ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች። መነጽሯን ካወለቀች ፍጥነት ቀንሺ ማለት ነው። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ካስቀመጠች በቃሽ ማለት ነው። መጀመሪያ እጇን ታውለበልብልኝ ነበር፤ እኔ ሰላም እያለችኝ መስሎኝ መልሼ አውለበለብኩላት።

አትሸፍኑት

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤን የለወጥኩት። ድሮ ቃል ሲጠፋብኝ በሌላ ቃል ሸፍኜ አልፍ ነበር። አሁን አልሸፍንም። ገና ስጀምር እንዲህ እላለሁ፦ «ቃል ይጠፋኛል። ሲጠፋኝ ‹እንትን› እላለሁ። እባካችሁ አትጨርሱልኝ፤ ጠብቁኝ።» ከዚያ እውነትም ሲጠፋ አዳራሹ ሙሉ ይጠብቃል። 200 ሰው አንድ ቃል ሲጠብቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ምናልባት በሥራ ዘመናቸው በሽተኛን ያን ያህል ሰከንድ ጠብቀው አያውቁም።

ሌላም አለ። ሲደክመኝ አክብሮት ይጠፋኛል። እርስዎ የምለውን ሰው «አንተ» እላለሁ፤ ሴቷን ወንድ አድርጌ እጠራለሁ። አንድ ጊዜ አንጋፋ ፕሮፌሰርን ሰው ሁሉ ፊት «አንተ፣ ስማኝማ» አልኳቸው። አዳራሹ ደነገጠ። እህቴ መነጽሯንም ቦርሳዋንም አንድ ላይ ጣለች። እኔ ግን ቆም አልኩና «ይኸውላችሁ፣ አሁን ያያችሁት ነው ጉዳቱ። ቤተሰቦቼ ባለጌ ሆነች ብለው ነበር» አልኩ። ፕሮፌሰሩ ሳቁ። የዚያን ቀን ከተናገርኩት ሁሉ ሰዎች ያስታወሱት እሱን ነው።

ታዋቂ ሰዎችን ስታዩ ግራ አትጋቡ። ጂል ቦልት ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1996 ስትሮክ ያገኛት የአንጎል ሳይንቲስት ናት። በ2008 ቴድ (TED) በሚባለው የንግግር መድረክ ላይ 18 ደቂቃ ያህል ስትናገር ያያት ሁሉ አፉን ከፍቶ ቀረ። ጓደኞቼ ያንን ቪዲዮ ይልኩልኝና «አንቺም እንደዚህ ትችያለሽ» ይላሉ። በመካከሉ 12 ዓመት እንዳለና ሴትዮዋ ድሮም ስለ አንጎል ስታስተምር የኖረች መሆኗን ማንም አያነሣም። እኔ ምሳሌዬ ጋቢ ጊፎርድስ ናት። የአሜሪካ የምክር ቤት አባል ሳለች እ.ኤ.አ. በ2011 ጭንቅላቷን በጥይት ተመታች፤ ንግግሯ ተጎዳ። በ2013 በሴኔቱ ኮሚቴ ፊት ቀርባ የተናገረችው አንድ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። እያንዳንዷ ቃል እየተጎተተች ነበር የምትወጣው። መናገር እንደሚከብዳት፣ ግን ትልቅ ነገር መናገር እንዳለባት ነገረቻቸው። ስትናገርም እንደከበዳት ያዩ ነበር። የሚፈለገው እሱ ነው።

የማትናገሩት

የማታስታውሱትን አትሙሉት። የተጎዳ አንጎል ክፍተት አይወድም፤ ሳታውቁት ታሪክ ይሠራላችኋል። «እህቴ እንደነገረችኝ» ማለት ልመዱ። ጉዳያችሁ ፍርድ ቤት ወይም ኢንሹራንስ ጋ ካለ ጠበቃችሁን ሳትጠይቁ ስለ አደጋው ምንም አትናገሩ። ስለ ትዳራችሁና ስለ ልጆቻችሁ ከመናገራችሁ በፊት እነሱን ጠይቁ፤ ስልክ የማይቀዳበት አዳራሽ የለም። ማልቀስ ግን ይቻላል። የአንጎል ጉዳት ለቅሶን ያቀርባል፤ «ይህ ይቆማል፣ ጠብቁኝ» ብሎ መቀጠል ነው።

ጥያቄና መልስ

ጥያቄ በወረቀት ይሁን። አወያዩ ይሰብስብ፣ እህቴ ትምረጥ፣ አንድ በአንድ ይነበብልኝ። ሦስት ሰው ተራ በተራ ተነሥቶ ሦስት ጥያቄ ከጠየቀኝ ሦስቱም ይጠፉብኛል።

ሁልጊዜ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። «የምትዪው ልክ ነው፤ ግን ጊዜ የለንም። ደጅ 30 ሰው ይጠብቀናል።» በዚህ አትናደዱ፤ እውነታቸውን ነው። እኔ መልሴን አዘጋጅቻለሁ። ጠያቂውን «ሰዓትዎን ይያዙልኝ» እላለሁ። ከዚያ ሐኪም ሆኜ እጠይቃለሁ፦ «በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ልይ፤ ቤት ሲገቡ ምን እንደሚያደርጉ ይንገሩኝ።» እህቴ በሽተኛ ሆና ትመልሳለች። «ስንት ሆነ?» ስል አንድ ጊዜ 20 ሰከንድ፣ አንድ ጊዜ 35 ነበር። «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅና ይህን መጠየቅ አንድ አይደለም። «ገባዎት?» ለሚል እኔ ሁልጊዜ አዎ እላለሁ።

ሌላው «ከሰባት ዓመት በኋላም እንዴት አልዳንሽም?» ባይ ነው። አላውቅም እላለሁ። ወረቀቱን አጥፌ አስቀምጣለሁ።

ከዚያ በኋላ

የሚቀጥሉትን ሁለት ቀናት ባዶ አድርጉ። ቀጠሮ የለም፣ እንግዳ የለም፣ ስልክ እህቴ ጋ ነው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ከምንጠቀመው ኃይል 20 በመቶ ገደማውን ይወስዳል፤ ጤነኛው ማለቴ ነው። የእኔው መንገዱ ስለፈረሰበት በዙሪያ ጥምጥም የሚሄድ መኪና ነው። ነዳጁ ያልቃል። ይህን ለአዘጋጆቹም ንገሯቸው፤ «ዛሬ 15 ደቂቃ ያያችሁት ሁለት ቀን ያስከፍለኛል» በሉ። አስተያየት የተጻፈባቸውን ወረቀቶች በዚያው ቀን አታንብቡ። ከ50 ጥሩ አስተያየት መሃል አንዷ «ትንሽ አጋነነች» የምትል ትኖራለች፤ ሌሊቱን የምታሳልፉት ከእሷ ጋር ነው።

ከወር በኋላ ለአዘጋጁ አጭር መልእክት ላኩ፦ «የጠየቅኋችሁ ነገር ምን ደረሰ?» ብዙዎቹ አይመልሱም። ባለፈው ዓመት ለሰባት ቦታ ልኬ ስድስቱ ዝም አሉ። አንዷ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ግን የመሸኛ ቅጻቸውን ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። ከታች አዲስ መስመር ገብቷል፦ «ምክሩ የተነገረው አብሮ ለሚኖር ሰው፦ ስም፣ ስልክ።» የስልኩ ቦታ ግን ጠባብ ነው፤ አሥር አኃዝ አይዝም። ሰፋ አድርጉት ብዬ መለስኩላት።